ማመሳሰል ሌላ፣ መጠባበቂያ ሌላ፦ የቤት ኮምፒውተር ፋይሎች አጠባበቅ

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ የተረከብሁት ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ አንድ ደብተር፣ አንድ ማኅተም እና በፍላሽ የተቀመጠ አንድ የኤክሴል ፋይል ነበር። ፋይሉን ጎንደር ማራኪ በሚገኘው ቤቴ ባለው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ፣ ወርኃዊውን መዋጮ፣ የቀብሩን ወጪ፣ የድንኳኑንና የወንበሩን ኪራይ እየመዘገብሁ ቆየሁ። ልጄ በላፕቶፗ ታግዘኝ ስለነበር ሁለቱን ኮምፒውተሮች በቤታችን ዋይፋይ የሚያመሳስል ፕሮግራም ጫንሁ። እኔ የጻፍሁት እርሷ ዘንድ፣ እርሷ ያረመችው እኔ ዘንድ ወዲያው ሲታይ፣ መረጃው በሁለት ቦታ ስላለ ከእንግዲህ አይጠፋም ብዬ አመንሁ።

አንድ ቅዳሜ ላፕቶፑ ሞላባት። «አባዬ፣ የእድሩ ፎልደር ያንተም ኮምፒውተር ላይ አለ አይደል?» ብላ ከጓዳ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳያልፍ ወደ ዴስክቶፑ ብመለስ ፎልደሩ የለም። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን ነው የፈጸመው፤ በአንዱ የጠፋውን በሌላውም አጠፋ። የአምስት ዓመቱን መዋጮ ከደብተሩና ከደረሰኝ ጉርዶች እየለቀምሁ መልሼ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ለእድርተኛው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ስሕተት በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው። ማመሳሰል ማለት ሁለት ፎልደሮች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲገኙ ማድረግ ነው። አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ይለወጣል፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ይጠፋል፤ አንዱን ቫይረስ ሲያበላሸው ብልሽቱ ወደ ሌላው ይሻገራል። መጠባበቂያ፣ በተለምዶ ባክአፕ የምንለው፣ የትናንቱን፣ የባለፈውን ሳምንትና የባለፈውን ወር ፋይል ዛሬ ከተሠራው ስሕተት ለይቶ የሚያቆይ ቅጂ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሁለቱንም በዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ፣ በነጻ በሚገኙ ፕሮግራሞች፣ መብራት በሚሄድበትና ኢንተርኔት በሚያዘግምበት ቤት እንዴት እንደምንሠራቸው ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

የሚጠበቀውን ለይቶ ማወቅ

ፕሮግራም ከመጫን በፊት ፋይሎችዎ በእርግጥ የት እንደሚኖሩ በወረቀት ላይ ይጻፉ። አብዛኛው ሰው «ዶክመንትስ» የሚለውን ፎልደር ብቻ ያስባል። እኔ በጎረቤቶቼ ኮምፒውተር ላይ ደጋግሜ ያየሁት ግን፣ ዋናው ሥራ ኮምፒውተሩ ሲከፈት በሚታየው የፊት ገጽ (ዴስክቶፕ) ላይ ተበትኖ፣ የልጆቹ ፎቶ «ፒክቸርስ» ውስጥ፣ በቴሌግራም የተላኩት ሰነዶች ደግሞ «ዳውንሎድስ» ውስጥ ባለው የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር ተቀምጠው ነው። ይህ የመጨረሻው በጣም ይዘነጋል፤ የመሬት ካርታ ስካን፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ቤት ውጤት እዚያ ተደርቦ ይገኛል። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር፣ ለምሳሌ በ«ዲ» ድራይቭ ላይ «የቤት ሰነድ» በሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ መሰብሰብ ቀጣዩን ሥራ እጅግ ያቀለዋል። ዊንዶውስንና የተጫኑ ፕሮግራሞችን በዚህ መንገድ መቅዳት አያስፈልግም፤ እነርሱ እንደገና ሊጫኑ ይችላሉ።

በአገራችን ለብቻው ሊነሣ የሚገባው አንድ ጉዳይ ፊደሉ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች፣ በተለይም በቆዩት የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ቅርጸ ፊደላት የተተየቡ ሰነዶች፣ ያ ቅርጸ ፊደል በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆነው ይታያሉ። ሰነዱ ድኖ ፊደሉ ከጠፋ መዳኑ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ የእነዚያን ቅርጸ ፊደላት ፋይሎችና መጫኛቸውን ከሰነዶቹ ጋር በአንድነት ያስቀምጡ። ፒችትሪ የመሳሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰውም ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፎልደሩን ከመቅዳት ተቆጥቦ፣ መጀመሪያ በራሱ በፕሮግራሙ የባክአፕ ትእዛዝ ፋይል ያውጣ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ፋይል ወደ «የቤት ሰነድ» ያስገባ።

ዲስኩ

ፍላሽ ፋይል ለማጓጓዝ ጥሩ ነው፤ ለማቆየት ግን አይታመንም። ትንሽ ስለሆነ ይጠፋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤትና ኢንተርኔት ቤት ስለሚዞር ቫይረስ ይይዛል። ፎልደሮቻችንን ሾርትከት እያደረገ ዋናዎቹን የሚደብቀውን ቫይረስ ያልተዋወቀው ሰው ጥቂት ነው። ለመጠባበቂያ የሚሆነው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። የሚቻልዎ ከሆነ ሁለት ይግዙ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ አስረዳለሁ። ዲስኩን በመጀመሪያ ሲሰኩ ፎርማቱን ይመልከቱ፦ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የሠርግ ቪዲዮ ደግሞ ይህን በቀላሉ ያልፋል። ለዊንዶውስ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ አድርገው ባዶውን ፎርማት ያድርጉት፤ ለዲስኩም መለያ ስም ይስጡት። የእኔዎቹ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» ይባላሉ፤ ስማቸው በላያቸው ላይም በፕላስተር ተለጥፏል።

የሚሰኩበትንም ቦታ ልብ ይበሉ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው የዩኤስቢ ቀዳዳ ፈጣኑ ነው። በአሮጌው ቀዳዳ 100 ጊጋባይት ለመቅዳት አንድ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ያ የሚያስጨንቀው ግን በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀዳው የተለወጠው ብቻ ስለሆነ የዕለቱ ሥራ ደቂቃዎችን አይፈጅም።

በፍሪፋይልሲንክ መጠባበቂያ መሥራት

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ፍሪፋይልሲንክ የተባለውን ፕሮግራም ነው። ለግል አገልግሎት በነጻ ይገኛል፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ ይሠራል፤ በግዕዝ ፊደል የተሰየሙ ፋይሎችንም ያለ ችግር ያነባል። ከራሱ ከአዘጋጁ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱት፤ በሌሎች ማውረጃ ገጾች በኩል የሚመጣ መጫኛ ያልተፈለገ ነገር አዝሎ ሊመጣ ይችላል።

ፕሮግራሙ ሲከፈት መስኮቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። በግራ በኩል የሚቀዳውን ፎልደር፣ ማለትም «የቤት ሰነድ»ን፣ በቀኝ በኩል በዲስኩ ላይ የሚያርፍበትን ፎልደር ይምረጡ። ዊንዶውስ ለዲስኩ አንድ ቀን «ኢ»፣ ሌላ ቀን «ኤፍ» የሚል ፊደል ሊሰጠው ስለሚችል በፊደሉ አይተማመኑ። ከአድራሻው ሳጥን ጎን ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ቀስት ሲጫኑ የዲስኩ ስም በካሬ ቅንፍ ውስጥ የተጻፈበት አማራጭ ይቀርብልዎታል፤ እርሱን ይምረጡ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ዲስኩን በፊደሉ ሳይሆን በስሙ ይፈልገዋል።

ቀጥሎ አረንጓዴውን ባለ ጥርስ ጎማ ምልክት ይጫኑና የሥራውን ዓይነት ይምረጡ። «ቱ ዌይ» የሚባለው በሁለቱም አቅጣጫ ያመሳስላል፤ ለመጠባበቂያ አይሆንም። «አፕዴት» አዲሱንና የታደሰውን ወደ ቀኝ ይጨምራል፤ ከግራ የተሰረዘውን ግን ከቀኝ አይሰርዝም። ይህ ሲታይ የዋህና ደኅና ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ስሙ የተለወጠ ፋይል ሁሉ በአሮጌውም በአዲሱም ስም እየተቀመጠ፣ ከዓመት በኋላ ዲስኩ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የማይታወቅ ክምር ይሆናል። «ሚረር» ቀኙን የግራው ትክክለኛ መልክ ያደርገዋል። እኔ የምመክረው ሚረርን ነው፤ ሆኖም ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቅንብር አብሮት ካልተደረገ በስተቀር ፈጽሞ አልመክረውም።

በዚያው መስኮት የሚሰረዙና የሚተኩ ፋይሎች ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ ክፍል አለ። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ ወደ ሪሳይክል ቢን፣ ለዘለቄታው ማጥፋት እና «ቨርዥኒንግ»። ሦስተኛውን ይምረጡ። በዲስኩ ላይ ከቅጂው ፎልደር ውጭ «የቀድሞ ቅጂ» የሚል ሌላ ፎልደር ይፍጠሩና አድራሻውን ይስጡት፤ በቅጂው ፎልደር ውስጥ ካደረጉት ሚረሩ ራሱ ሊነካው ስለሚችል ውጭ መሆኑ ግድ ነው። የስያሜውን ዓይነት ደግሞ «ታይም ስታምፕ» ያድርጉት። ከዚህ በኋላ አንድ ፋይል በተተካ ወይም በተሰረዘ ቁጥር የቀድሞው ቅጂ ቀንና ሰዓት በስሙ ላይ ታክሎበት «የቀድሞ ቅጂ» ውስጥ ይቀመጣል። ልጄ ፎልደሩን በሰረዘችበት ቀን ይህ ቅንብር ቢኖረኝ ኖሮ፣ የእድሩ መዝገብ ከነቀኑ እዚያ ይጠብቀኝ ነበር። ቦታ እንዳይሞላ ስንት ቀን ያህል የቆዩት ቅጂዎች እንዲቀሩ መወሰን ይቻላል። እኔ 180 ቀን አድርጌዋለሁ፤ ምክንያቱም እድራችን ሒሳቡን በየስድስት ወሩ ስለሚመረምር፣ ስሕተት ቢኖር የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ቅንብሩ ሲያልቅ ሴቭ አድርገው በስም ያስቀምጡት፤ ሌላ ጊዜ ያንን ፋይል ሁለት ጊዜ ክሊክ ማድረግ ብቻ ይበቃል።

አሁን «ኮምፔር» የሚለውን ይጫኑ። ይህ ማነጻጸር ብቻ ነው፤ አንዲት ፋይል እንኳ አይነካም። መሐል ላይ ባሉት ምልክቶች የትኛው ወደየት እንደሚሄድ፣ ከታች ባለው መስመር ደግሞ ስንት ፋይል እንደሚፈጠር፣ ስንት እንደሚታደስና ስንት እንደሚሰረዝ በቁጥር ይታያል። እባክዎ ይህን መስመር ሳያነቡ አይለፉ። በእኔ ቤት ተራ በሆነ ቀን አምስት ስድስት የታደሱ፣ ሁለት ሦስት የተፈጠሩ ይታያሉ፤ የሚሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ ዜሮ ነው። አንድ ቀን የሚሰረዘው 900 የሚል ቁጥር ቢያዩ፣ ወይም ሳይነኳቸው የቆዩ ሺህ ፎቶዎች በሙሉ «ታድሰዋል» ከተባለ፣ እጅዎን ያንሡና ዲስኩን ያውጡ። አንድም ግራና ቀኙ ተቀያይሯል፣ አንድም ፎልደሩ ተነሥቷል፣ ካልሆነም ፋይሎቹን እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ገብቷል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው በብዙ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው እንዲህ ነበር፤ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የነበረን ዲስክ ግን እንዲህ ያለው ቫይረስ ሊነካው አይችልም።

ቁጥሩ የሚታመን ከሆነ «ሲንክሮናይዝ» ይጫኑ። ወርድና ኤክሴል አስቀድመው ተዘግተው ይቆዩ፤ ክፍት የሆነ ፋይል ላይቀዳ ይችላል። በመሐል መብራት ቢሄድስ? ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ቀድቶ ሲጨርስ ብቻ ዋናውን ስም ስለሚሰጠው፣ ግማሽ የተቀዳ ፋይል ደኅናውን ቅጂ አይተካውም። መብራት ሲመለስ እንደገና አነጻጽረው ቢያስቀጥሉት ከቀረው ይቀጥላል። ዲስኩ ራሱ ግን በድንገተኛ መቋረጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለዴስክቶፕ አነስተኛ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ መኖሩ ከዲስኩ ግዢ ቀጥሎ የሚታሰብ ወጪ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደግሞ ይህን ሥራ አይጀምሩ።

ሲጨርስ ዲስኩን በደኅና የማውጫ ትእዛዝ አውጥተው ይንቀሉት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ለቫይረሱም ለመብረቁም ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የቀረበ ነው። ብዙ ሰዎች በራሱ የሚሠራ መርሐ ግብር እንዳዘጋጅላቸው ይጠይቁኛል። ይቻላል፤ የዊንዶውስ መርሐ ግብር ማስያዣ ያደርገዋል፤ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ለማለት ከሰዓት በኋላ 7 ብሎ መሙላት ያስፈልጋል። እኔ ግን ለቤት ኮምፒውተር በእጅ የሚሠራውን እመርጣለሁ። ከላይ ያልሁትን የቁጥር መስመር የሚያነብ ዓይን ያስፈልጋልና።

ስለ ሰዓት ባትሪ

ይህን ለብቻው የማነሣው ብዙ ቤት ስላደናገረ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ ላይ ሳንቲም የምታህል ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ቀንና ሰዓቱን የምታስታውሰው እርሷ ናት። ስታረጅና ማታ ማታ ማከፋፈያውን ከግድግዳ ስንነቅል፣ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ከብዙ ዓመት በፊት የነበረ ቀን ይዞ ይነሣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኢንተርኔት እያለ ድረ ገጾች አስተማማኝ አይደሉም እያሉ አይከፈቱም፤ በስክሪኑ ጥግ ያለው ቀንም የሌላ ዘመን ነው።

አደጋው ይህ ነው። በዚያ ቀን የጻፉት ሰነድ የድሮ ቀን ታትሞበት ይቀመጣል። ቀኑን ብቻ እየተመለከተ የሚወስን የማመሳሰያ አሠራር የዛሬውን ሥራዎን አሮጌ፣ የባለፈውን ሳምንት ቅጂ አዲስ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ በሁለት አቅጣጫ የሚያመሳስል ከሆነም አሮጌውን በአዲሱ ላይ ሊጭነው ይችላል። ሚረር አቅጣጫው አንድ ብቻ ስለሆነ ይህን አያደርግም፤ እርሱን ከመረጥሁባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ለማንኛውም ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ቅያሪዋም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ሳይዘገይ ይቀየር። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ምርጫ ውስጥ አዲስ አበባን ቢፈልጉ አያገኟትም፤ ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ያላትን ናይሮቢን ይምረጡ። የበጋና የክረምት ሰዓት የሚቀያየርበት ክልል ተመርጦ ከሆነ፣ በፋት 32 ዲስኮች ላይ የፋይሎቹ ሰዓት በአንድ ሰዓት እየተዛነፈ ያልተነኩ ፋይሎች ሁሉ ተለውጠዋል ሊባሉ ይችላሉ።

ማመሳሰል በቦታው

ማመሳሰልን ከልምዴ በኋላ አልተውሁትም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ሲሠሩ፣ ወይም አንድ ተማሪ ቤት ባለው ዴስክቶፕና ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይዞት በሚሄደው ላፕቶፕ ላይ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጽፍ፣ የትኛው ፍላሽ ላይ ያለው ነው የመጨረሻው ከሚል ጭንቀት ያድናል። ለዚህ ሲንክቲንግ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ለእኛ ሁኔታ ይስማማል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ሥር ከሆኑ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል፤ ዳታም አይበላም። አዘጋጆቹ ራሳቸው ፕሮግራሙ ለመጠባበቂያነት ተስማሚ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል።

በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ከተጫነ በኋላ ቅንብሩ የሚከፈተው በብራውዘር ውስጥ በ127.0.0.1:8384 አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ ረጅም መለያ አለው፤ የአንዱን መለያ በሌላው ላይ መዝግበው፣ በሁለቱም በኩል ሲፈቀድ ይተዋወቃሉ። ከዚያ የሚጋራውን ፎልደር ይመርጣሉ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ሳያደርጉ አይውጡ። አንደኛው የፋይል ቨርዥኒንግ የሚለውን ክፍል ከፍቶ «ስታገርድ» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ካልተነካ የቀድሞ ቅጂ አያስቀምጥም፤ ከሌላው ኮምፒውተር የመጣ ስረዛም ፋይሉን ጨርሶ ያጠፋዋል። ሁለተኛው፣ አንደኛው ወገን አንባቢ ብቻ ከሆነ ዋናውን ኮምፒውተር «ላኪ ብቻ»፣ ሌላውን «ተቀባይ ብቻ» በሚያደርጉት ምርጫዎች መወሰን ነው። ሁለት ሰዎች አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ከለወጡት ፕሮግራሙ አንዱን በስሙ ላይ የግጭት ምልክት ጨምሮ ለብቻው ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ፋይል ሲያዩ አይሰርዙት፤ ሁለቱን ከፍተው ያስተያዩ። ለመመሳሰል ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ መብራት ይኑራቸው።

ጎግል ድራይቭና ዋንድራይቭም በመሠረቱ ማመሳሰያዎች ናቸው። የመጀመሪያው 15፣ ሁለተኛው 5 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣሉ፤ የተሰረዘ ፋይልንም ለ30 ቀን ያህል በቅርጫታቸው ያቆያሉ። ለመታወቂያ፣ ለካርታና ለትምህርት ማስረጃ ስካን መልካም ናቸው። ለሠርግ ቪዲዮ ግን ያስቡበት፦ የመላኪያ ፍጥነትዎ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ 10 ጊጋባይት ለመላክ ያለማቋረጥ 22 ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛው ዲስክ ወደ አዘዞ

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከሦስቱ ቁጥሮች በቤታችን ሁልጊዜ የሚጓደለው የመጨረሻው ነው። ዲስኩ ኮምፒውተሩ ባለበት መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1880 ዓ.ም. የደርቡሽ ጦር ከተማይቱን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ከብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ግን መጻሕፍት ነድደዋል። በሌላ ደብር ወይም ገዳም የተቀዳ መጽሐፍ ብራናው ቢነድድም ቃሉ አልጠፋም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። «አንደኛ» ቤት፣ «ሁለተኛ» አዘዞ እኅቴ ዘንድ ይቀመጣል። በየወሩ በ12 የሚካኤልን ዝክር ለመዘከር እርሷ ቤት ስለምንሰበሰብ፣ የዚያን ዕለት ጧት ቤት ያለውን አድሼ ይዤ እሄዳለሁ፤ እዚያ ያለውን ይዤ እመለሳለሁ። ዝክሩ ስለማይታለፍ ዲስኩም አይታለፍም፤ ለብቻው ቀን ቢቆረጥለት ኖሮ እንደምዘነጋው አውቃለሁ። እርስዎም ከማይቀርበት ማኅበር ወይም ሰንበቴ ጋር ያያይዙት። ለሁለተኛው ዲስክ በፍሪፋይልሲንክ የራሱ የሆነ ተመሳሳይ ቅንብር ያስቀምጡለት። ሰው ሊያየው የማይገባ ሰነድ ካለበት ቬራክሪፕት በተባለው ፋይልን በይለፍ ቃል በሚቆልፍ ፕሮግራም መቆለፍ ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ፋይሉን የሚከፍት የለምና ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ከዲስኩ በተለየ ቦታ ይቀመጥ።

መልሶ መክፈት

ያልተሞከረ መጠባበቂያን እንደ መጠባበቂያ አልቆጥረውም። በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ዲስኩን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይሰኩና ሦስት ነገር ይክፈቱ፦ አንድ የቆየ የአማርኛ ሰነድ፣ አንድ የኤክሴል መዝገብ፣ አንድ ቪዲዮ። ሰነዱ በፊደሉ ይነበባል? መዝገቡ እስከ ባለፈው ወር ይደርሳል? ቪዲዮው እስከ መጨረሻው ይሄዳል? ቀጥሎ ከ«የቀድሞ ቅጂ» ውስጥ አንድ ፋይል ወደ ባዶ ፎልደር ቀድተው፣ በስሙ ላይ የታከለውን ቀን አጥፍተው ይክፈቱት። ባለፈው የካቲት እኔ ይህን ስሞክር አንድ ሙሉ የፎቶ ፎልደር ወደ ዲስኩ ሳይገባ መቆየቱን አየሁ፤ ልጄ ከ«የቤት ሰነድ» ውጭ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጣው ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በፍሪፋይልሲንክ የማነጻጸሪያውን ዓይነት ከቀንና መጠን ወደ «ፋይል ኮንተንት» ቀይረው ያነጻጽሩ። ሁለቱንም ወገን ሙሉ በሙሉ ስለሚያነብ ሰዓታት ይወስዳል፤ ነገር ግን ቀኑና መጠኑ ሳይለወጥ ውስጡ የተበላሸ ፋይል የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው። በሥራ ላይ ሳለ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ አይጠብቁት፤ ሌላኛው ዲስክ ደኅና መሆኑን አረጋግጠው በአዲስ ይተኩት።

የፋይል መጥፋት አደጋ ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ሲንክሮናይዝ አይጫኑ፤ ማመሳሰያውን ያቁሙ፤ ዋይፋዩን ይዝጉ። ከዚያ ዲስኩን ሰክተው የጠፋውን በዚያው ስም ላይ ሳይሆን «የተመለሰ» በሚል አዲስ ፎልደር ውስጥ ይቅዱት፤ ከፍተው ካረጋገጡ በኋላ ወደ ቦታው ይመልሱት።

የመጨረሻው ነገር በዲስኩ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ወረቀት ነው። በእኔው ላይ ዲስኩ ምን እንደያዘ፣ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚታደስ፣ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች በየትኛው ፎልደር እንዳሉ፣ ሁለተኛው ዲስክ ማን ዘንድ እንደሚገኝ በአማርኛ በሰባት መስመር ጽፌያለሁ፤ ከሥሩም በየወሩ የታደሰበትን ቀን በእስክርቢቶ እጨምራለሁ። የእድሩ ዳኛ አንድ ቅጂ አላቸው። ከእኔ በኋላ የሚመረጠው ጸሐፊ ሳጥኑን ሲከፍት ሌላ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራውን መቀጠል አለበት።